71,000 ሰው የነበረባት ከተማ፦ የሆየርስቬርዳ ጉዳይ

በምሥራቅ ጀርመን፣ ከፖላንድና ከቼክ ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ ሆየርስቬርዳ የምትባል ከተማ አለች። በ1981 ከ71,000 በላይ ሰው ይኖርባት ነበር። ዛሬ ያለው 30,000 ገደማ ነው። በነዚህ ዓመታት ጦርነት አልደረሰባትም፤ መሬትም አልተንቀጠቀጠባትም። ከከተማዋ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የነበረ ግዙፍ የከሰል ኢንዱስትሪ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተናደ። ሰውም እግር በእግር ተከትሎት ወጣ። (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። ስለ ጀርመን ከሰል ሲወራ ወሬው ስለ ጭስና ስለ አየር ንብረት ነው። ያ ተገቢ ነው። ግን ከሰሉ አንድ ከተማ ሙሉ እንዴት እንደገነባና እንዴት እንዳሳነሰ ሲነገር ብዙም አይሰማም። ሁለተኛው ምክንያት ወደ እኛ ይቀርባል። ጀርመን የሚገቡ ጥገኝነት ጠያቂዎች የት እንደሚኖሩ አይመርጡም፤ በኮታ ይመደባሉ። ስለዚህ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ብዙ ልጆች ራሳቸውን እንዲህ ባሉ የምሥራቅ ከተሞች ያገኙታል። መንገዱ ላይ አዛውንት በዝቶ፣ ወጣት ጠፍቶ፣ ሕንፃ ሲፈርስ ያያሉ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን የሚነግራቸው የለም።

መጀመሪያ ከመሬት በታች ያለው

አካባቢው ላውዚትስ ይባላል። ከሥሩ ሊግናይት የሚሉት ቡናማ ከሰል ተኝቷል። ከጥቁሩ የድንጋይ ከሰል የሚለየው በዕድሜው ወጣት በመሆኑና ውሃ በመያዙ ነው። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እንዲህ ያለ ከሰል ጭኖ ሩቅ መውሰድ ውሃ እንደ መጫን ስለሚቆጠር አያዋጣም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ማመንጫውን ማዕድኑ አጠገብ መትከል ግድ ይላል። ማመንጫው እዚያ ከሆነ ደግሞ ሠራተኛውም እዚያው አካባቢ መኖር አለበት። የሆየርስቬርዳ ዕጣ የተወሰነው ከዚህ ነው።

ሌላው ነገር አቆፋፈሩ ነው። እዚህ ሰው ዋሻ ገብቶ አይቆፍርም። ከሰሉ ላይ ያለው አሸዋና አፈር በሙሉ ይነሳል። ለዚህ ሥራ ኤፍ 60 የሚባል ተንቀሳቃሽ ድልድይ ተሠራ። ርዝመቱ 500 ሜትር ይደርሳል። እስከ 60 ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ከአንዱ ወገን ተቆርጦ በድልድዩ ላይ እያለፈ ከጉድጓዱ ማዶ ይደፋል። መሣሪያው በሐዲድ ላይ እየተጓዘ ወደፊት ይገፋል። ከፊቱ ያለው ጫካም ይሁን ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብርም ይሁን መንደር ይነሳል። ጉድጓዱ በውሃ እንዳይሞላም የከርሰ ምድሩ ውሃ ቀን ከሌት ይሳባል።

በዚህ ሥራ በላውዚትስ ከ100 በላይ መንደሮች በሙሉ ወይም በከፊል ጠፍተዋል። ብዙዎቹ የሶርቦች መንደሮች ነበሩ። ሶርቦች ከጀርመኖች የተለዩ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው የስላቭ ሕዝብ ናቸው። ዛሬ ቁጥራቸው 60,000 ገደማ ነው ይባላል። ሆየርስቬርዳም በእነሱ ቋንቋ ቮየሬጺ ትባላለች፤ የመንገድ ሰሌዳዎቹም በሁለት ቋንቋ ናቸው። አንድ መንደር ሲፈርስ ነዋሪው ካሣ ተሰጥቶት የከተማ አፓርታማ ይገባል። እዚያ ጎረቤቱ ጀርመንኛ ተናጋሪ ነው፤ የልጁ ትምህርት ቤትም ጀርመንኛ ነው። በአንድ ትውልድ ውስጥ ቋንቋው ከቤት ይወጣል። ስለ ከሰል ዋጋ ስናስብ ይህን ኪሳራ በየትኛው መዝገብ እንደምንጽፈው አላውቅም፤ ግን መጻፍ አለበት።

7,000 ሰው ወደ 71,000

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሆየርስቬርዳ 7,000 ገደማ ሰው ያላት ጸጥ ያለች የገበያ ከተማ ነበረች። በ1955 የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በአቅራቢያው ሽቫርትሰ ፑምፐ የሚባል ትልቅ ኮምቢናት መሥራት ጀመረ። ከሰል የሚታመቅበት፣ ኤሌክትሪክ የሚመነጭበት፣ ኋላም ከከሰል ጋዝ የሚወጣበት አንድ ላይ የተሰባሰበ ኢንዱስትሪ ነው። ምሥራቅ ጀርመን የራሷ ነዳጅ አልነበራትም። ጥቁር ከሰሏም ትንሽ ነበር። ያላት ሊግናይት ነበር፤ ኑሮዋን በሙሉ በዚያ ላይ አቆመችው። በ1980ዎቹ አገሪቱ በዓመት ከ300 ሚሊዮን ቶን በላይ ሊግናይት ታወጣ ነበር። ይህ በጊዜው ከዓለም አንደኛ ነው። ከኤሌክትሪኳም ከ80 በመቶ በላይ የሚመጣው ከዚሁ ነበር።

ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው የት ይኑር? መልሱ አዲስ ከተማ መገንባት ሆነ። ከድሮዋ ከተማ ወንዙን ተሻግሮ ኖይሽታት፣ ማለትም አዲሱ ከተማ፣ ተጀመረ። ግድግዳዎቹ ፋብሪካ ውስጥ እንደ ሰሌዳ እየተሠሩ በክሬን የሚገጣጠሙ ነበሩ። አንድን ከተማ ሙሉ በተገጣጣሚ መሥራት ያኔ አዲስ ነገር ነበር፤ ሆየርስቬርዳ ከመጀመሪያዎቹ ናት። ከተማው በ10 የመኖሪያ መንደሮች ተከፈለ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት፣ መዋዕለ ሕፃናትና ሱቅ ነበረው።

አሁን እነዚህን ሕንፃዎች የሚያይ ሰው አንድ ዓይነት፣ ግራጫ፣ ደባሪ ይላቸው ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። በዚያን ጊዜ ብዙ ጀርመናዊ የሚኖረው ጦርነት በጎዳው አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። መጸዳጃው ደረጃው ላይ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። ክረምት ሲመጣ ከሰል ከምድር ቤት በባልዲ እየተሸከሙ ምድጃ ማንደድ ነው። እዚህ ግን ሙቅ ውሃ ከቧንቧ ይመጣል፤ ቤቱ ራሱ ይሞቃል፤ መታጠቢያ ክፍል አለው። እኛ አገር ለዓመታት ቆጥቦ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው ደስታውን ያውቀዋል። የመጡት ወጣት ባልና ሚስቶች ነበሩ። ልጅ ይወልዱ ነበር፤ ከተማዋ በምሥራቅ ጀርመን ካሉት ሁሉ ልጅ የሚበዛባት ትባል ነበር። ሴቶችም እንደ ወንዶቹ በፈረቃ ይሠሩ ነበር። ማዕድን ላይ ግዙፍ ማሽን የምታንቀሳቅስ ሴት ብርቅ አልነበረችም።

የጎደለው ሌላ ነበር። ቤት እየበዛ ሄደ፤ ሰው የሚገናኝበት ቦታ ግን አልተሠራም። ከ1960 እስከ 1968 እዚያ የኖረች አንዲት ታዋቂ ደራሲ ይህን በአደባባይ ተናግራለች። ሰው ከሥራ መልስ የት ይሂድ፣ ወጣት የት ይዋደድ ብላ ጠየቀች። አርክቴክቶቹ ያሰቡት የከተማ ማዕከል ገንዘብ ሲያጥር እየተገፋ ቆየ። ትልቁ የባህል አዳራሽ የተከፈተው በ1984 ነው። ከተማዋ በተጀመረች በ27ኛው ዓመት ማለት ነው። ይህ ኋላ ዋጋ አስከፍሏል። ሰውን ከቦታው ጋር ያሰረው ሥራ ብቻ ነበርና ሥራው ሲሄድ የሚያቆየው ሌላ ገመድ ቀጭን ሆኖ ተገኘ።

ከሰሉ ምን ያህል ወሳኝ እንደነበር ለማየት ከ1978 ወደ 1979 የተሻገረው ክረምት ይበቃል። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ቅዝቃዜው በሰዓታት ውስጥ ድንገት ወረደ። ግማሹ ውሃ የሆነው ከሰል ፉርጎ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ተጣበቀ። ማመንጫዎቹ ተራቡ። መብራት በመላ አገሪቱ ይጠፋ ጀመር። ወታደር በዶማና በአካፋ ማዕድን ላይ ተሰማራ። የማዕድን ሠራተኛው በአገሩ የሚከበረው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እሱ ቢቀር ቤት ይቀዘቅዛል።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ

በ1989 የበርሊን ግንብ ወደቀ። በሐምሌ 1990 የምዕራብ ጀርመን ገንዘብ፣ ማርክ፣ ወደ ምሥራቁ ገባ። ጀርመን በጥቅምት 1990 አንድ ሆነች። የምሥራቁ ፋብሪካዎች ዕቃቸውን የሚገዛቸው አጡ። ፋብሪካ ሲዘጋ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ቀነሰ። የከሰል ጋዝ በተፈጥሮ ጋዝ ተተካ። ቤቶች ምድጃቸውን ጣሉ። አሮጌዎቹ ማመንጫዎች ጢሳቸው የአካባቢ ሕግ የሚያልፍ አልነበረም። ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣ።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። በ1989 በላውዚትስ ከሰል ዘርፍ ወደ 80,000 ሰው ይሠራ ነበር፤ በዓመት የሚወጣውም 200 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ምርቱ ከሦስት አንድ እጅ አልሞላም። ሠራተኛው ደግሞ ከአሥር አንድ ወደሚሆን ወረደ። ከ17 ክፍት ማዕድኖች የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

እዚህ ላይ ጠንከር አድርጌ የምለው አለ። ሊግናይት መቀነስ ነበረበት። ጫካውን ያደርቅ ነበር፤ የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳ ነበር፤ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ጥላሸት ይወርድ ነበር። ሆየርስቬርዳን የጎዳት ፍጥነቱና ባዶነቱ ነው። የ40 ዓመት ሥራ በአምስት ዓመት ተነቀለ፤ በምትኩ ምንም አልተተከለም። መንግሥት የሥራ አጥ ክፍያ፣ ቅድመ ጡረታና የጊዜያዊ ሥራ ፕሮግራም ሰጠ። ሰው አልተራበም። ግን የ25 ዓመት ወጣት ቅድመ ጡረታ አይወጣም፤ ሻንጣውን ይዞ ወደ ባቫሪያ ይሄዳል። ቀድመው ከሄዱት ውስጥ ወጣት ሴቶች ይበዛሉ። በምሥራቅ ጀርመን በሙሉ የታየ ነገር ነው። ወላድ ሴት ስትሄድ ደግሞ መዋዕለ ሕፃናቱ ይዘጋል፤ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ትምህርት ቤት የሌለበት ሰፈር ሌላ ቤተሰብ አይመጣም። አንዴ ከጀመረ የሚያቆመው የለም።

መስከረም 1991

ይህን ክፍል አሳጥሬ ማለፍ አልፈልግም፤ አንባቢዬ ጥቁር ነውና።

ምሥራቅ ጀርመን ለእኛ እንግዳ አገር አይደለችም። በደርግ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን እዚያ ተምረዋል። በ1977 የቡና ዋጋ ዓለም ላይ ሲንር የእኛን ቡና በጦር መሣሪያ ለውጣ የወሰደችውም እሷ ናት። አዲስ አበባ የቆመው የካርል ማርክስ ሐውልት የእሷ ስጦታ ነው። ሆየርስቬርዳ የነበሩት አፍሪካውያን ግን በአብዛኛው ሞዛምቢካውያን ናቸው። በ1979 ሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ፈረሙ፤ ከ15,000 በላይ ወጣት ሞዛምቢካውያን በኮንትራት ሠራተኝነት ሄዱ። ሆየርስቬርዳ ከገቡት ብዙዎቹ የተመደቡት ከሰል ማዕድን ላይ ነበር። በወንደላጤ ማደሪያ ይኖሩ ነበር። ከደመወዛቸው እስከ 60 በመቶ የሚደርስ ተቆርጦ ይቀመጥ ነበር፤ አገራችሁ ስትገቡ ታገኙታላችሁ ተባሉ። ገንዘቡ የሞዛምቢክን የመንግሥት ዕዳ ማካካሻ ሆነ። አብዛኛው ሠራተኛ እስከ ዛሬ አላገኘውም። ማፑቶ ውስጥ አሁንም ሰልፍ ይወጣሉ፤ ብዙዎቹ ሸምግለዋል።

ማዕድኑ ሲቀንስ ቀድመው ከሥራ የሚወጡት እነሱ ሆኑ። በመስከረም 17, 1991 ደግሞ የኒዮናዚ ቡድን ገበያ ላይ የሚነግዱ ቬትናማውያንን ደበደበ። እነሱም ሸሽተው የኮንትራት ሠራተኞቹ ማደሪያ ገቡ። ሕንፃው ተከበበ። ለቀናት ድንጋይና የእሳት ጠርሙስ ተወረወረ። ከወርዋሪዎቹ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያሳምመኝ ቆሞ የሚያየው ሰው ነው። ጎረቤቶች ነበሩ። አንዳንዶቹ ያጨበጭቡ ነበር። ፖሊሱ ትንሽ ነበር፤ ዘገየም። ሠራተኞቹ ከከተማዋ እንዲወጡ ተደረገ። ብዙዎቹ በቀጥታ ወደ አገራቸው ተላኩ። ከዚያ አጥቂዎቹ ወደ ጥገኝነት ጠያቂዎች መኖሪያ ዞሩ። በመስከረም 23 እነዚያም በአውቶብስ ተጭነው ተወሰዱ። ከ30 በላይ ሰው ቆስሏል። የሕግ ጥበቃ ማለት ተጠቂውን ከቤቱ ማውጣት ሆነ፤ አጥቂዎቹም ያሸነፉ መሰላቸው። በቀጣዩ ዓመት ሮስቶክ በምትባል ሌላ የምሥራቅ ከተማ ተመሳሳይ ነገር ተደረገ።

ይህን ከሥራ ማጣት ጋር የሚያገናኙ ብዙ ናቸው። ድንጋጤው ለቁጣው መነሻ እንደነበር እቀበላለሁ። ምክንያት አድርጎ ማቅረብ ግን አልቀበልም። ሥራ ያጡት ሞዛምቢካውያኑም ነበሩ። በክረምት ለሚሞቀው ቤት ከሰሉን ካወጡት ውስጥ እነሱም አሉ።

ማፍረስ እንደ ሥራ

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሆየርስቬርዳ ሕንፃዎቿን ማፍረስ ጀመረች። ከ2002 በኋላ ለዚህ የፌዴራል ፕሮግራም መጣ። በሺህ የሚቆጠሩ አፓርታማዎች ፈርሰዋል። በብዛት ቀድመው የፈረሱት መጨረሻ የተሠሩት ናቸው፤ ከማዕከሉ የራቁት እነሱ ስለሆኑ። በሌላ በኩል አንዳንድ ሕንፃ ከላይ ሁለት ሦስት ፎቅ ተነሥቶለት፣ በረንዳ ተጨምሮለት ታድሷል።

ከተማን ማሳነስ ከማሳደግ ይከብዳል። ለ70,000 ሰው የተቀበረ የውሃ ቧንቧ 30,000 ሰው ሲጠቀምበት ውሃው ይተኛል፤ እንዳይበላሽ በየጊዜው መታጠብ አለበት። የማሞቂያ መስመሩም፣ አስፋልቱም ወጪያቸው አይቀንስም። ግብር ከፋዩ ግን ቀንሷል። በ2008 ከተማዋ ራሷን የቻለ አስተዳደር መሆኗ ቀርቶ በባውትሰን አውራጃ ሥር ገባች። ዛሬ የነዋሪው አማካይ ዕድሜ ከ50 ዓመት በላይ ነው። አንድ ጊዜ በልጅ ጫጫታ የምትታወቅ ከተማ ትልቁ ጥያቄዋ የአረጋውያን እንክብካቤ ሆኗል።

ጉድጓዶቹስ? ውሃ ተሞሉ። አካባቢው አሁን የሐይቆች አገር ነው፤ ሻይበ የሚባለው ሐይቅ ሆየርስቬርዳ ጥግ ላይ ነው። ሥራውን የሚመራው ኤል ኤም ቤ ፋው የተባለ የመንግሥት ድርጅት ነው። በምሥራቅ ጀርመን በሙሉ ለዚህ የወጣው ገንዘብ ከ10 ቢሊዮን ዩሮ ያልፋል። ማራኪ ነው፤ ብስክሌትና ጀልባ አለ። ግን ተራግፎ የተደፋ አሸዋ እንደ ተፈጥሮ መሬት አይጸናም። የከርሰ ምድር ውሃ ተመልሶ ሲነሳ አሸዋው በድንገት እንደ ሾርባ ይፈስሳል። በጥቅምት 2010 በሽፕሬታል አካባቢ ከ100 ሄክታር የሚበልጥ መሬት እንዲህ ተደረመሰ፤ ሲግጡ የነበሩ በጎች አለቁ። ከዚያ በኋላ ሰፊ መሬት ለሰው ተዘጋ። ደግሞ ውሃው ከአፈሩ ብረትና ሰልፌት ይዞ ይወጣል። ሽፕሬ ወንዝ በቦታ በቦታው ቡናማ የሆነው ለዚህ ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመው ግን ይህ ነው። ማዕድኖቹ ከመሬት የሚስቡት ውሃ ለአሥርት ዓመታት ወደ ሽፕሬ ሲለቀቅ ኖሯል። ወንዙ ከተፈጥሮ መጠኑ በላይ ሆነ፤ በርሊንም ለመጠጥ ተመካችበት። ማዕድኑ ሲዘጋ ያ ውሃ ይቀራል። የፌዴራሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት በ2023 ባወጣው ጥናት በደረቅ የበጋ ወራት ወንዙ እስከ 75 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ከኤልቤ ወንዝ ውሃ በቧንቧ ማምጣት ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ ነው።

2038

ሽቫርትሰ ፑምፐ አልሞተም። አሮጌው ኮምቢናት በነበረበት ቦታ 1,600 ሜጋዋት የሚያመነጭ አዲስ ጣቢያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሥራ ጀመረ። ሙሉ አቅሙን ሲሠራ በቀን ከ30,000 ቶን በላይ ከሰል ይበላል። ከጭሱ ድኝ በኖራ ድንጋይ ይጣራል፤ የሚወጣው ጂፕሰም አጠገቡ ባለ ፋብሪካ የግድግዳ ቦርድ ይሆናል። የሆየርስቬርዳ ቤቶች የሚሞቁትም እስከ አሁን ከዚህ ጣቢያ በሚመጣ ሙቀት ነው። በ2016 የስዊድኑ ቫተንፋል ለቼክ ባለሀብቶች ሸጦት ወጣ። የአሁኑ ስሙ ሌአግ ነው።

በጥር 2019 አንድ ኮሚሽን ጀርመን ከከሰል እንድትወጣ መከረ፤ በ2020 ሕግ ሆነ። የመጨረሻው ቀነ ገደብ 2038 ነው። ለከሰል አካባቢዎች እስከ 40 ቢሊዮን ዩሮ ተመደበ፤ ከዚያ 17 ቢሊዮን ገደማው የላውዚትስ ድርሻ ነው። ዕድሜያቸው 58 የሞላ የከሰል ሠራተኞች እስከ ጡረታ ድረስ ለአምስት ዓመት የሚዘልቅ ድጎማ ያገኛሉ።

ከ1990 ጋር ሲተያይ ትልቅ ልዩነት ነው። ጊዜ አለ፤ ገንዘብ አለ። እዚያው ላውዚትስ ባለችው ኮትቡስ ከተማ የጀርመን ባቡር ድርጅት ትልቅ የጥገና ወርክሾፕ ከፍቷል፤ የመጀመሪያው አዳራሽ በጥር 2024 ሥራ ጀመረ። በጠቅላላው 1,200 የሥራ ቦታ ታስቦለታል። የከሰል ጣቢያ መካኒክ ባቡር ጥገና ቢገባ ብዙ አይቸገርም፤ እጁ የለመደው ሥራ ነው። ሆየርስቬርዳ ራሷ እዚያ በተማረው በኮንራድ ሱዘ ስም የኮምፒውተር ሙዚየም አላት። ሱዘ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተናውን በ1928 እዚያ ወስዷል፤ በ1941 ደግሞ በዓለም የመጀመሪያ ከሚባሉት ኮምፒውተሮች አንዱን ሠራ።

እኔን የሚያሰጋኝ የገንዘቡ አካሄድ ነው። ብዙው ወደ መንገድ፣ ወደ ሐዲድና ወደ ምርምር ተቋም ይሄዳል። ተቋሙ ትልቅ ከተማ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚቀጥረውም ዶክትሬት ያለውን ነው። የሆየርስቬርዳ ብየዳ ሠራተኛ ልጅ ከዚያ ምን ያገኛል? ሰው ደግሞ አንዴ ተከድቷል። በ1990 “ታገሱ፣ ይስተካከላል” ተብሎ ነበር። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሚኒስትር መጥቶ ተመሳሳይ ቃል ሲገባ የሚያምነው ጥቂት ነው። በ2025 የፌዴራል ምርጫ ስደተኛን የሚጠላው አ ኤፍ ዴ ፓርቲ በላውዚትስ አብዛኛው ቦታ አንደኛ ወጥቷል። ፓርቲው ከሰል መቆም የለበትም እያለ ነው ድምፅ የሚሰበስበው።

አሁን ማን ይሠራል?

ነገሩ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። በ1990ዎቹ ሰው በዝቶ ሥራ አልነበረም። አሁን ሥራ አለ፤ የሚሠራ ሰው ጠፍቷል። ያኔ የሄዱት ወጣቶች ሊወልዷቸው የነበሩ ልጆች ዛሬ የሉም። ሆስፒታሉ ነርስ ይፈልጋል፤ የአረጋውያን መንከባከቢያው፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሙያተኛውም ሰልጣኝ ይፈልጋሉ። ሰልጣኝ አጥተው የሚዘጉ ትንንሽ ወርክሾፖች በምሥራቅ ጀርመን ብዙ ናቸው።

ከተማዋ ከ1991 በኋላ በ2014 እንደገና ጥገኝነት ጠያቂዎች ተቀበለች። ያ ሲታወቅ ነዋሪዎች አስቀድመው ተደራጁ፤ “ሆየርስቬርዳ ከልብ ትረዳለች” የሚል ማኅበር አቋቋሙ። ቋንቋ የሚያስተምሩ፣ ሐኪም ቤት የሚያደርሱ ሰዎች ተገኙ። በዚያው ዓመት የ1991ን ጥቃት የሚያስታውስ መታሰቢያ ቆመ። ዛቻና ጥቃት ግን ጨርሶ አልጠፋም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ እዚያ የተመደበ ሰው ሁለቱንም ማወቅ አለበት።

ከዚያ የሚሆነው ነገር የታወቀ ነው። ጥገኝነት ያገኘ ሰው በተመደበበት ክፍለ ግዛት እስከ ሦስት ዓመት እንዲኖር ሊገደድ ይችላል። ጊዜው ሲያልቅ ብዙው ወደ ላይፕሲግ፣ ወደ በርሊን ወይም ወደ ፍራንክፈርት ይሄዳል። ወገን አለ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አለ፣ እንጀራ አለ። ከተማዋ የራሷን ልጆች እንዳጣች እነሱንም ታጣለች። የሚቀሩት አውስቢልዱንግ የሚባለውን የሙያ ሥልጠና ውል የፈረሙት ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ደመወዝ እየተከፈለህ፣ ሦስት ዓመት ሙያ ተምረህ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያሠለጠነህ ድርጅት ይቀጥርሃል። ከ17 ቢሊዮኑ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ ለዚህ ቢውል፣ ማለትም ለቋንቋ ትምህርት፣ የሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ ሰልጣኝ የሚደርስ አውቶብስ፣ ልጅ ላላት እናት የሚሆን የቀን ማቆያ፣ ከአንድ የምርምር ሕንፃ ይልቅ ብዙ ሰው ያስቀራል። ይህን የሚወስነው የከተማው ምክር ቤትና ከተማዋ ያለችበት የዛክሰን ክፍለ ግዛት መንግሥት ነው፤ ማመልከቻው የሚቀርበውም ለእነሱ ነው። የወገኖቻችን ማኅበራት በድሬስደንም በላይፕሲግም አሉ። ይህን ጥያቄ ይዘው መቅረብ ይችላሉ፤ ቢያቀርቡት ደግሞ የሚሰማቸው ቀጣሪ ዛሬ ከትናንቱ ይበዛል።